ከኤቪታ በፊት

ሰሞኑን ስለ ኢሌን ፔጅ ብዙ አስባለሁ። እዚህ ለንደን በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ጋ ስሟን ሳነሳ ፊቱ ፈካ ይላል። ሐበሻ ወዳጆቼ ጋ ግን «እሷ ደግሞ ማናት?» የሚለኝ ይበዛል። ዘፋኝም ተዋናይም ናት። እዚህ አገር ሙዚካል የሚሉት ቴአትር አለ፤ ታሪኩ ባብዛኛው የሚነገረው በዘፈን ነው። ተዋናዩ ሲጣላም፣ ሲያፈቅርም፣ ሲሞትም ይዘፍናል። ያውም በሳምንት ስምንት ጊዜ፦ ስድስት ምሽት፣ ሁለቴ ደግሞ በቀን። ድምፅ የተሠራው ከሥጋ እንጂ ከብረት አይደለም፣ ስለዚህ ይህን ሥራ ለዓመታት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ኢሌን ከ60 ዓመት በላይ ቆይታበታለች።

ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ግን ማንም ያላወቃት ጊዜ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትሳሳቱ።

የተወለደችው በ1948 ሰሜን ለንደን፣ ባርኔት የሚባል ሰፈር ነው። አባቷ ቤት አሻሻጭ፣ እናቷ ኮፍያ ሠሪ ነበሩ። በልጅነቷ ቴኒስ ተጫዋች መሆን ትፈልግ ነበር፤ የትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህርት ግን ከመረቡ በላይ እንኳ አትታዪም አለቻት ይባላል። ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ነገሩ በልጅነት ቀልድ ብቻ አላበቃም። አጭር በመሆኗ ዋና ዋና ሚናዎች እንዳመለጧት ራሷ ተናግራለች። አንዲት ልጅ ድምፅ ኖሯት፣ ተምራ፣ ተለማምዳ፣ በቁመቷ ስትመለስ ሳስበው ያናድደኛል። ቁመት በልምምድ አይጨምር ነገር!

ሥራ የጀመረችው በ1964 ነው፣ በየከተማው በሚዞር ሙዚካል ውስጥ። በ1968 «ሄር» የሚባለው ሙዚካል ዌስት ኤንድ፣ ማለትም የለንደን ትልልቅ ቴአትሮች ያሉበት ሰፈር ሲገባ፣ እሷም ከኮረሱ፣ በጋራ ከሚዘፍነው ቡድን ውስጥ ነበረች። ይህ ትርኢት የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዝ ውስጥ ቴአትር ለዘመናት በቤተ መንግሥት ሹም ሳንሱር ስር ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሲሆን «ሄር» በማግስቱ ተከፈተ። እርቃን ያለበት፣ ጦርነትን የሚቃወም ትርኢት ነው፤ ከሳንሱር ጋር አብሮ የሚሄድ አልነበረም። ኢሌን ያኔ 20 ዓመቷ ነው። ዋናውን የሴት ሚና የምትጫወተዋ ብትታመም የምትተካትም እሷ ነበረች። ማለትም የሌላ ሰው ሚና በቃሏ ይዛ፣ ከጀርባ ቆማ፣ ምናልባት ዛሬ ብላ የምትጠብቅ።

ከዚያ «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር» መጣ፣ እዚያም ኮረስ ውስጥ። በ1973 «ግሪስ» ላይ ሳንዲ የምትባለውን ልጅ ተጫወተች፣ በ1974 ደግሞ ከተዋናዩ ከማይክል ክሮፎርድ ጋር «ቢሊ» ላይ ነበረች። ሥራ አላጣችም፤ ግን ስሟን አይቶ ትኬት የሚቆርጥ ሰውም አልነበረም። ከመጀመሪያ መድረኳ አሥር ዓመት አልፎ ማለት ነው። ቤት ኪራይ አለ፣ ኦዲሽን አለ፣ «እንደውልልሻለን» አለ። በመጨረሻ መድረኩን ትታ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ተንከባካቢ ለመሆን አሰበች። ዱስቲን ሆፍማን፣ አዎ ያ የሆሊውዱ ተዋናይ፣ አንድ ቀን ስትዘፍን ሰምቷት እንዳትተወው ቃል አስገባት።

እዚህች ጋ ሁሌም እቆማለሁ። እኔም አገር ቤት የሠራሁበት ሙያ እዚህ ሳይቆጠርልኝ፣ ወረቀቴ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት፣ «ተይው፣ ሌላ ነገር ያዢ» የሚለኝ ብዙ ነበር። ምክሩ ከክፋት አይደለም፣ እንጀራ ነው። «አትተዪው» ብሎ ቃል የሚያስገባ ሰው ግን ብርቅ ነው። እሷ አንድ አገኘች፣ ቃሏንም ጠበቀች።

ከዚያ ኤቪታ መጣች።

ኤቪታ የኢቫ ቁልምጫ ነው። የአርጀንቲናውን ፕሬዚዳንት ሚስት የኢቫ ፔሮንን ታሪክ ቲም ራይስ በግጥም፣ አንድሩ ሎይድ ዌበር በዜማ መጀመሪያ በሸክላ ነው ያወጡት፣ በ1976። በሸክላው ላይ ኢቫን የዘፈነችው ጁሊ ኮቪንግተን ናት፣ «ዶንት ክራይ ፎር ሚ አርጀንቲና» የሚለው ዘፈንም በ1977 እንግሊዝ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ ወጣ። ወደ መድረክ ሲመጣ ግን ኮቪንግተን አልፈልግም አለች። ፍለጋ ተጀመረ፤ ስማቸው የተጠራ ሴቶች ብዙ ነበሩ። አዘጋጁ አሜሪካዊው ሃል ፕሪንስ ነው። ሚናው በስተመጨረሻ ለአንዲት ብዙም ለማትታወቅ፣ አጭር፣ የ30 ዓመት ሴት ተሰጠ። ትርኢቱ ሰኔ 1978 ለንደን ውስጥ በፕሪንስ ኤድዋርድ ቴአትር ተከፈተ። ኢሌን በአንድ ሌሊት ታወቀች ይላሉ። እኔ ይሄ «በአንድ ሌሊት» የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። ከ1964 እስከ 1978 ስንት ሌሊት ነው?

ሚናው ራሱ ቀላል አይደለም። ኢቫ ታሪኩ ሲጀመር የ15 ዓመት የገጠር ልጅ ናት፤ ሲያልቅ በ33 ዓመቷ በካንሰር ትሞታለች። አንዷ ሴት በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ብልጣ ብልጥ ኮረዳ፣ የሬዲዮ ተዋናይ፣ የፕሬዚዳንት ሚስትና መቆም ያቃታት በሽተኛ መሆን አለባት። ዜማው ላይ ይወጣና እዚያው ይቆያል፣ ትንፋሽ አይሰጥም። ድምፅ ይቀድዳል፣ ይቧጥጣል፣ ካልተጠነቀቁ ይሰብራል። ኢሌን ግን በዚያው ዓመት የለንደን ቴአትር ትልቁን ሽልማት፣ ኦሊቪየርን ወሰደች።

ከዚያ በ1981 «ካትስ»። የድመቶች ታሪክ ነው፤ ሲነግሩኝ የልጆች መስሎኝ ነበር። ግሪዛቤላ የምትባለውን ያረጀች ድመት እንድትጫወት የተመረጠችው ጁዲ ዴንች ነበረች፣ ልምምድ ላይ የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ። ትርኢቱ ሊከፈት ተቃርቧል። ኢሌን ተጠራች። ግሪዛቤላ መድረክ ላይ የምትቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ብትደምሩት አንድ ሲኒ ቡና ከመጠጣት አይረዝምም። ግን ምሽቱን ሙሉ የሚሸከመው ዘፈን፣ «ሜሞሪ»፣ የእሷ ነው።

ያንን ዘፈን አሁን ሳዳምጥ የምከታተለው አንድ ቦታ አለ። አጀማመሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ለራሷ የምታወራ ይመስላል። ድሮ ቆንጆ ነበርኩ፣ ሁሉም ይወደኝ ነበር፣ አሁን ሌሎቹ ድመቶች ይሸሹኛል። ኢሌን እዚህ ላይ ድምፅ አታባክንም፤ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል፣ እንግሊዝኛው ለኔ ቢጤ ስደተኛ እንኳ አንድ ፊደል አያመልጥም። መሐል ላይ እሷ ዝም ትልና ኦርኬስትራው ዜማውን ብቻውን ይይዘዋል። ከዚያ ሙዚቃው ድንገት መነሻውን ቀይሮ ከፍ ይላል፣ እሷም በዚያ ከፍታ ላይ ንኩኝ ብላ ትለምናለች። ብዙ ዘፋኞች እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸውን ለማሳየት ይቸኩላሉ፣ ዘፈኑም ውድድር ይሆናል። የእሷ ልመና ነው። ድምፁ ጠርዙ ስል ነው፣ ትንሽ ይሻክራል፣ ቅባት የለውም። ውበቱ እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተገፋች ሴት በለሰለሰ ድምፅ አትለምንም። ዘፈኑ በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ እስከ 6ኛ ወጣ፣ ትርኢቱ ደግሞ ለንደን ውስጥ 21 ዓመት ቆየ።

ወዳጄ አንዷ ይህን ስነግራት «ዕድለኛ ናት በቃ» አለችኝ። አንዷ አልፈልግም አለች፣ ሌላዋ እግሯ ተጎዳ፣ እሷ ገባች። ተከራከርን። ጅማት መበጠሱ ዕድል ነው፣ እሺ። ግን ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ገብቶ፣ ሌላ ሰው የሠራውን እርምጃ ተምሮ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ያንን ዘፈን የራስ ማድረግ ከየት ይመጣል? ከነዚያ ከኮረስ ዓመታት ይመስለኛል። የሰው ሚና በቃል ይዞ ከጀርባ መቆምን ከ20 ዓመቷ ጀምሮ ስትሠራው ነበር። ወዳጄ አልተዋጠላትም። እኔ ግን በዚህ ነገር አልመለስም።

ቀጥሎ በመጣው «ቼስ» የሚባል ሙዚካል ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም «አይ ኖው ሂም ሶ ዌል» የሚለውን ዘፈኑን ስሙን ሳታውቁ ሰምታችሁት ይሆናል። «አባ» የሚባለው የስዊድን ባንድ ሁለት አባላት፣ ቤኒና ቢዮርን፣ ከቲም ራይስ ጋር የሠሩት ነው። ኢሌንና ባርባራ ዲክሰን አንድ ወንድ የሚወዱ ሁለት ሴቶች ሆነው ይዘፍናሉ፤ አይሰዳደቡም፣ ሁለቱም እንዳጡት ያውቃሉ። በ1985 መጀመሪያ አራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

የሚያመኝ የብሮድዌይ፣ የኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር ነገር ነው። ኤቪታ በ1979 ኒው ዮርክ ሲገባ ኢሌን አልሄደችም፤ የአሜሪካ ተዋናዮች ማኅበር ሚናው ለአሜሪካዊት ይሁን አለ። ፓቲ ሉፖን ተጫወተችው፣ የብሮድዌይን ትልቁን ሽልማት ቶኒን ተሸለመችበት። ካትስ ሲሄድም ግሪዛቤላን ቤቲ በክሊ ተጫወተችው፣ እሷም ቶኒ አገኘች። ሁለቱም ግሩም ናቸው፣ ቅሬታ የለኝም በእነሱ። ግን ለንደን ላይ መንገዱን የጠረገችው ሴት ሁለት ጊዜ ከባሕር ማዶ ቆማ አየች።

ከዚያ «ሰንሴት ቡሌቫርድ» የሚባል ሙዚካል መጣ፣ ኖርማ ዴዝሞንድ የምትባል የተረሳች የድምፅ አልባ ፊልም ኮከብ ታሪክ። ይሄ ሚና በነዚህ ሦስት ሴቶች መካከል የዞረበትን መንገድ ማንም ደራሲ አይፈጥረውም። ለንደን ላይ መጀመሪያ የተጫወተችው ሉፖን ናት፣ በ1993። ቀጥላ በክሊ። በ1994 በክሊ ስትታመም ኢሌን ተተካች፣ በ1995 ደግሞ ሚናውን በቋሚነት ያዘች። በ1996 ብሮድዌይ ላይም ከበክሊ ተረከበችው። የመጀመሪያዋ ብሮድዌይ ይሄ ነው፤ በ48 ዓመቷ፣ ለንደንን ካንበረከከች ከ18 ዓመት በኋላ።

ለንደን ላይ ኖርማን በምትጫወትበት ጊዜ የጡት ካንሰር ነበረባት። ለሰው አልተናገረችም። ቀዶ ሕክምናውን እሁድ አድርጋ በማግስቱ መድረክ ላይ እንደቆመች ኋላ ላይ ነው የተናገረችው። ኖርማ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ስቱዲዮ ተመልሳ፣ እንዳልተለያየን ነው እያለች የምትዘፍነው ዘፈን አለ። ያንን እየዘፈነች በውስጧ ምን እንደነበር አዳራሹ ውስጥ ማንም አያውቅም። ይህን ጀግንነት ብለው የሚያወድሱ አሉ። እኔ ሳነበው ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ሥራን እስከዚህ መውደድ ያስፈራል፣ እናቴ ብትሆን «ልጄ አንድ ሳምንት ተኝተሽ እረፊ» ብላ በር ትቆልፍባት ነበር። እንደ እናቴ ባስብም ግን ይገባኛል። አሥራ አራት ዓመት በር ላይ የጠበቀ ሰው ከገባ በኋላ ለአንድ ምሽት እንኳ መውጣት ይከብደዋል።

ከ2004 ጀምሮ ቢቢሲ ሬዲዮ 2 ላይ እሁድ ከሰዓት ፕሮግራም አላት። ከቅዳሴ መልስ ወጥ እየሠራሁ እከፍተዋለሁ። የራሷን ዘፈን ብቻ አታሰማም፤ ገና የሚጀምሩትን፣ ስማቸው ያልተሰማውን ታጫውታለች። ሰኔ 2025 ላይ የእንግሊዝ ንጉሥ የዴም ማዕረግ (ለወንድ «ሰር» እንደሚባለው) ከሰጧቸው ሰዎች መካከል ስሟን ስሰማ ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ እልል አልኩ። 77 ዓመቷ ነበር።

አዲስ ለምትጀምሩ፣ ከድመቷ ዘፈን አትጀምሩ፤ በሠርግና በሊፍት ውስጥ ሰምታችሁ ጠግባችሁታል። በ1984 የወጣውን የቼስ ሸክላ ፈልጉ። ከዚያ የኤቪታን የ1978 የለንደን ቅጂ። መጀመሪያ ኮቪንግተን የዘፈነችውን፣ ቀጥሎ የኢሌንን፣ ተራ በተራ። የኮቪንግተን ድምፅ የጠራ ነው፣ ብዙ ሰው እሷን ያስበልጣል። እኔ ኢሌንን አስበልጣለሁ፣ በተለይ ኢቫ ገና ከገጠር ወጥታ ቦነስ አይረስ ስትደርስ ያለውን ክፍል። ልትነግሩኝ ትችላላችሁ፣ የትኛዋን እንደወደዳችሁ።