የአባዬ ፔጆ ትሸጣለች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ግቢያችን ውስጥ ለዓመታት ሸራ ለብሳ የቆመችው ፔጆ 404 ትሸጣለች። አቦ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ አትነሳም። ባትሪ የላትም፣ ጎማዎቿ ተሰነጣጥቀዋል፣ ታንከሯ ውስጥ የቀረው ቤንዚንም ሙጫ ሆኗል። የድሬ ፀሐይ ጎማና ወንበር ይጨርሳል እንጂ ብረት ብዙም ስለማይነካ ላሜራዋ ደህና ነው፤ የበሮቹን ሥር በእጃችሁ ዳብሱት፣ ስቱኮ የለበትም። ካምቢዮዋ ከመሪው ሥር ነው፤ የሐረርን የድሮ ታክሲዎች የነዳ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል።

ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ነው፣ ቅርጹም የጣሊያኖቹ የፒኒንፋሪና ሥራ። አንድ ደላላ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «በኪሎ ስንት ትላለህ?» አለኝ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት።

ባትሪ ይዞ መጥቶ «እስቲ አንዴ ልቀስቅሳት» የሚል አልፈቅድም። መጀመሪያ ካንዴላዎቹ ይፈቱ፣ በቀዳዳው ትንሽ ዘይት ይግባ፣ ይደር፣ ከዚያ ሞተሩ በእጅ ይዙር። እሱን የሚያውቅ መካኒክ ይዛችሁ ከመጣችሁ በዋጋ አንጣላም። በታትኖ መለዋወጫዋን ሊቸበችብ ያሰበ ግን አይድከም። ሊብሬው አለ፣ የውርሱም ጉዳይ አልቋል። መጫኛው የገዢ ነው። ጠዋት ኑ፤ ከሰዓት በዚህ ሙቀት ማን ኮፈን ይከፍታል!