ኮዱን ከተርጓሚው ሶፍትዌር እንዴት እንደሸሸግሁት

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከሦስተኛው ትውልዱ ጀምሮ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ የተለዋዋጭ ስሞችን፣ ማለትም ፕሮግራሙ መረጃ ለሚይዝባቸው ቦታዎች የሚሰጡ ስሞችን፣ ይቀበላል። ለእኛ የሚያስደስት ነገር ነው፤ የትርጉም ሶፍትዌር መካከል ሲገባ ግን ጣጣው የሚብሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፕሮግራም አጻጻፍ አስተምራለሁ። በእንግሊዝኛ የጻፍሁትን ማስታወሻ በመጀመሪያ በሶፍትዌር አስተረጉምና እኔ አርመዋለሁ። አንደኛው ምሳሌ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ የሚሰበስበውን ሒሳብ የሚያሰላ አጭር ፕሮግራም ነው። ተተርጉሞ ሲመለስ ያው አንድ ተለዋዋጭ በአንድ መስመር «ዋጋ»፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ «ክፍያ» ሆኗል። ፓይተን ሁለቱንም እንደ ትክክለኛ ስም ይቆጥራቸዋል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ይነሣል፣ ይሮጣል፣ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ብቻ «ይህን ስም አላውቀውም» ብሎ ይቆማል። ቀጥ ያሉት የጥቅስ ምልክቶች ተቀይረው ቢመጡ ወይም በመስመር መነሻ ላይ ያሉት ክፍት ቦታዎች ቢጠፉ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይጀመር ይጮኻል።

ለድረ ገጽ የሚሆን መፍትሔ አለ። ድረ ገጽ በሚጻፍበት በኤችቲኤምኤል «ትራንስሌት» (ተርጉም) የሚባለውን ባሕርይ «ኖ» (አይ) ብሎ ኮዱ ባለበት ክፍል ላይ ማስቀመጥ ነው። ጽሑፉ ኮድ መሆኑን የሚያመለክተው «ኮድ» የሚለው መለያ ብቻውን ትርጉምን አይከለክልም፤ ብዙ ሰው ይከለክላል ብሎ ይተማመናል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ልመና ነው፤ ተርጓሚው ካልሰማ የሚያስገድደው የለም። የእኔ ማስታወሻ ደግሞ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የሚለመንበት መለያ እንኳ የለውም።

ስለዚህ ኮዱን ጨርሶ አላሳየውም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲገባ ጫማ ደጅ እንደሚቀር ኮዱም ደጅ ይቀራል። አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጽሑፉን ታነባለች፤ መጀመሪያ ረጃጅም የኮድ ክፍሎችን፣ ቀጥሎ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የተሰኩትን አጫጭሮች እያወጣች ለብቻ ታስቀምጣለች፤ በቦታቸውም ምልክት ትተክላለች። የምልክቱ አመራረጥ ቀላል አይደለም። ትርጉም ያለው ቃል ከሆነ ይተረጎማል፤ ቁጥር ብቻ ከሆነ ከጽሑፉ ቁጥሮች ጋር ይደባለቃል። የመረጥሁት ዜድ፣ ኪው እና ኤክስ የሚሉትን የላቲን ፊደላት በተከታታይ ጽፎ ሁልጊዜ በሦስት አኃዝ የሚጻፍ ቁጥር ማስከተል ነው፤ 001፣ 002 እያለ ይቀጥላል። በ1 ፋንታ 001 ያልሁት ኮዱ ሲመለስ 1ን የሚፈልገው ፕሮግራም 11ን እንዳይነካ ነው።

አማርኛ የራሱን ፈተና ያመጣል። «በ»፣ «የ»፣ «ን» ከምልክቱ ጋር ተጣብቀው ይመጣሉ፤ የቃል ድንበር የሚጠብቅ ፍለጋ ከሆነ ምልክቱን አያገኘውም። ግሳችንም መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሉ ሁለት ምልክቶች ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተላቸውን አልቈጣጠርም። የምቈጣጠረው እያንዳንዱ ምልክት ልክ አንድ ጊዜ መገኘቱን ነው። አንዱ ከጠፋ ወይም ከተደገመ ያ አንቀጽ በእጅ ይተረጎማል። ኮዱ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ከአማርኛው ጽሑፍ እንደገና ተነቅሎ ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል ይነጻጸራል።

በኮዱ ውስጥ ለአንባቢ ብቻ የተጻፉት፣ ፓይተን የሚያልፋቸው ማብራሪያዎች ግን ቢተረጎሙ ለተማሪ ይጠቅማሉ። እነሱን በሚጀምሩበት በመሰላል ምልክቱ (#) ብቻ መለየት አያዋጣም፤ ያ ምልክት በጥቅስ ውስጥም ይገኛልና። ፓይተን ራሱ ያለው «ቶክናይዝ» የተባለ ሞጁል (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የፕሮግራም ክፍል) ማብራሪያውን ከኮዱ ያለ ስሕተት ይለያል። ለተጠቃሚው በስክሪን የሚታዩትን መልእክቶች እስከ አሁን በእጄ ነው የምተረጉማቸው፤ ብዙዎቹ በመሐላቸው ተለዋዋጭ የያዘ ቅንፍ አላቸው።