የነርቭ ነው ብዬ ያስቀረሁት ደም

ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከተመላላሽ ክፍል አንድ ቱቦ ደም ከነመጠየቂያ ወረቀቱ ደረሰኝ። ታካሚው የ26 ዓመት የማቻከል ገበሬ ነው። በሽታው «ስኳር»፣ የታዘዘው ምርመራ ደግሞ «ጋድ አንቲቦዲ» ይላል፤ አንቲቦዲ ሰውነት የሚያጠቃውን ነገር ለይቶ የሚያመርተው የመከላከያ ፕሮቲን ነው። እኛ ጋ ስለማይሠራ ሲረሙ፣ ማለትም ከረጋ ደም የሚለየው ፈሳሽ፣ ተለይቶ በበረዶ ሣጥን አዲስ አበባ መላክ ነበረበት።

ጋድን ከኮሌጅ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግሉታሜትን ወደ ጋባ የሚቀይር ኢንዛይም ነው። ጋባ ደግሞ አንጎል ውስጥ ነርቭን የሚያረጋጋ መልእክተኛ፤ የተማርኩት ይህንኑ ነው። ከስኳር ጋር ምን አገናኘው? ሐኪሙ ተሳስቶ ነው ብዬ ወረቀቱ ላይ «ይጣራ» ብዬ ጻፍኩና ቱቦውን መደርደሪያው ጥግ አቆምኩት። ደውዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ዓርብ ጠዋት መኪናው ያንን ደም ሳይዝ ወደ አባይ በረሃ ወረደ።

እሁድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከድንገተኛ ክፍል ሽንት መጣ። የመመርመሪያ ስትሪፑን ነክሬ አወጣሁት፤ ኢንሱሊን ሲያጥር ሰውነት ስብ እያነደደ የሚያመነጨውን ኬቶን የሚያሳየው ሳጥን ዓይኔ እያየ ሐምራዊ ሆነ፣ ከዚያም ጠቆረ። ስሙን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። ያው የማቻከሉ ልጅ ነው።

ውጤቱን ራሴ ይዤ ሮጥኩ። ልጁ በረጅሙና በፍጥነት ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። እናቱ እግሩን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ የአዲስ አበባው መልስ መጣ እንዴ?» አሉኝ። «ዶክተሩ መርፌ ይጀምር ብሎ ነበር። መርፌ አንዴ ከተጀመረ አይለቅም ሲሉ ሰምተን፣ እስቲ መልሱን እንይ ብለን በክኒኑ ቆየን።»

ምን ብዬ ልመልስላቸው? ደሙ እኔው ጋ መሆኑን ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ያን ሌሊት ልጁ በደም ሥር በተሰጠው ፈሳሽና በኢንሱሊን ተረፈ።

ሰኞ ዶክተሩ ላብራቶሪ ድረስ መጣ። አልተቆጣኝም፤ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ቆሽት ሣለ። «አየሽ፣ ኢንሱሊን የሚያመርቱት ቤታ ሕዋሳትም ጋድ አላቸው። ጋባ ይሠራሉ፣ ወደ ውጭም ይለቃሉ። አጠገባቸው ያሉት አልፋ ሕዋሳት ስኳር የሚጨምረውን ግሉካጎን እንዳያበዙ ይገታል። ሰውነት ቤታ ሕዋሳቱን ማጥቃት ሲጀምር የዚህ ኢንዛይም አንቲቦዲ ደም ውስጥ ይታያል። ገና በወጣትነቱ የከሳና ክኒን ያልሠራለት ሰው ዓይነት 1 መሆኑን የምንለየው በዚህ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በ1988 እ.ኤ.አ. ጡንቻው የሚገተር፣ የሚጥል በሽታና ዓይነት 1 ስኳር ያለበት አንድ ታካሚ ደም ውስጥ የጋድ አንቲቦዲ ተገኘ። በ1990 ደግሞ በስኳር ሕመምተኞች ዘንድ ለዓመታት ማንነቱ ያልታወቀው፣ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 64 ሺህ የሆነው ፕሮቲን ጋድ መሆኑ ታወቀ። ከሁሉ የደነቀኝ ግን ጋባ ድንች ውስጥ መገኘቱ ነው፤ ያውም በ1949፣ አንጎል ውስጥ መኖሩ ከመመዝገቡ አንድ ዓመት ቀድሞ። እኔ የአንጎል ብቻ ነው የምለው ነገር በየጓሯችን ተተክሎ ነበር።

አዲስ ደም ቀድተን በዚያው ሳምንት ላክን፤ መልሱ ፖዘቲቭ መጣ። አሁን ያልገባኝ ትእዛዝ ሲመጣ «ይጣራ» ከመጻፌ በፊት ስልክ አነሳለሁ፤ ዶክተሩ ካልተገኘም ሲረሙን ለይቼ ፍሪጅ አስገባዋለሁ።

ባለፈው ወር ለክትትል መጥተው ነበር። እናቱ ኢንሱሊኑን እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ማሰሮ እንደሚያቀዘቅዙት አጫወቱኝ። የልጁን ሽንት እኔው ተቀበልኩ። ስትሪፑን ነክሬ ሰዓት እያየሁ ጠበቅኩ፤ የኬቶኑ ሳጥን ቀለሙን አልቀየረም።