ንቀለው

ሦስት ሳምንት ሆነው። አሁንም ጥርሴን ስቦርሽ ይሰማኛል። ልተኛ ጋደም ስል ይሰማኛል። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል እኔ የምሰማው «ንቀለው!» ነው።

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ወረድ ብሎ፣ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ የመብራት ዕቃ። የሽያጭ ፕሮግራማቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሽያጩ ሁሉ የሚመዘገብበት ዳታቤዝ ማይኤስኪዩኤል የሚባለው ነው። «ሰርቨር» እያልኩ የማስከፍልበት ደግሞ ከባንኮኒው ሥር፣ በምስማር ካርቶንና በቀለም ጣሳ መሃል የተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ሳስገባው ጥቁር ነበር። አሁን ራሱ ሲሚንቶ መስሏል።

ባለቤቱ ጋሼ አንድ ቀን ደወሉልኝ። የሆነ የሚያውቁት ሰው ሱቅ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌባ ገብቶ ሂሳቡን ሁሉ አተራምሶት ሄደ አሉ።

«የኛ ቁልፍ አለው?»

«አለው ጋሼ።»

«ቁልፉን ደጋግሞ ቢሞክረውስ?»

እዚህ ላይ «አይዞዎት» ብዬ ስልኩን መዝጋት ነበረብኝ። እኔ ግን አዋቂ ነኝ። «እሱን እንኳን የሚከለክል አንድ ፕለጊን አለ» አልኩ።

«ምን አልከኝ? ስፒና?»

ሰውየው ስፒና ይሸጣሉ። በደርዘን ይሸጣሉ። ፕለጊን ማለት ዳታቤዙ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው ብዬ ላስረዳቸው ጀመርኩና ደከመኝ። «እንደዚያ በሉት ጋሼ። ይሰካል፣ ይነቀላል።» ይቺን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። አንገቴን ያስደፋችኝ እሷ ናት።

ፕለጊኑ ኮኔክሽን ኮንትሮል ይባላል። ሥራው ቀላል ነው። አንድ ሰው የይለፍ ቃል ሲሳሳት ሦስት ጊዜ ዝም ይለዋል። በአራተኛው አንድ ሰከንድ ያስጠብቀዋል። በአምስተኛው ሁለት። በስድስተኛው ሦስት። እንዲህ እያለ ይሄዳል። ደግሞ ክፋቱ፣ በመጨረሻ ትክክለኛውን ብትነግረውም ወዲያው አያስገባህም። መጀመሪያ የተጠራቀመብህን ቅጣት ቆመህ ትጨርሳለህ። ከዚያ በኋላ ነው ምሕረት የሚያደርግልህና ቆጠራውን ወደ ዜሮ የሚመልሰው።

አጫጫኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰርቨሩ እየሠራ አንዲት መስመር ትጽፋለህ፣ ይገባል። ሲሰለችህ ሌላ መስመር ትጽፋለህ፣ ይወጣል። ይሄ የሰማንያ ጋብቻ ነው። ሁለተኛው የሰርቨሩ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ስሙን ጽፈህ፣ አጠገቡ «ፎርስ ፕላስ ፐርማነንት» ትላለህ። ይሄ ቁርባን ነው። እሱ ካልተነሳ ሰርቨሩም አልነሳም ይላል፤ ሰርቨሩ እየሠራ ደግሞ ማንም አያወጣውም። አስተዳዳሪውም ቢሆን። እኔም ብሆን።

የቱን እንደመረጥኩ መቼም አትጠይቁኝም።

ማክሰኞ ማታ ነው የጫንኩት። በዚያው የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ፤ የድሮው ከአንድ እስከ ስድስት መቁጠር ነበር። አዲሱን የሂሳብ መቀበያው ኮምፒውተር ላይም አስገባሁ። ግን ሰዓቱ 1፡15 ሆኗል። ከቱሉ ዲምቱ ማታ ታክሲ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ያን ሰዓት እንዴት እንደሚያስሮጥ ያውቃል። ሰልፉ ኮዬ ፈጬን ሊነካ ምንም አይቀረው። ባጃጁ በቀን ከሚያስከፍለው እጥፍ ይጠራብሃል፤ ስትከራከረው «ማታ ነው እኮ» ይልሃል፣ ማታ እንደሆነ ያላየህ ይመስል። ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ማለት በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ከዘነበ ስሙን ጫማህ ላይ ታነበዋለህ። እና ሮጥኩ። ይሠራል አይሠራም ሳልሞክር ሮጥኩ።

የይለፍ ቃሉ ውስጥ ዜሮ ነበረች። እኔ የእንግሊዝኛዋን «ኦ» ነው የጻፍኩት።

ፕሮግራሙ ደግሞ ታጋሽ ነው። መልስ እስኪመጣ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ እንቢ ሲባል ወዲያው እንደገና ያንኳኳል። ኔትዎርክ ሲቆራረጥ እንዳያስቸግራቸው ብዬ እኔው ነኝ እንዲያ አድርጌ የጻፍኩት። ኮምፒውተሩንም ማንም አላጠፋውም። ያቺ ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ ስታንኳኳ አደረች፤ ፕለጊኑም በእያንዳንዱ ማንኳኳት አንዳንድ ሰከንድ ሲጨምርባት አደረ። መብራት እንኳን አልጠፋም። በሳምንት ሦስቴ ይጠፋ የነበረው መብራት ለዚያች ሌሊት ብቻ ሲበራ አደረ።

ጠዋት 2፡20 ላይ ስልክ። «አንተ ልጅ፣ ማሽኑ እየዞረ ነው።»

3፡45 ደረስኩ። ሰው ባንኮኒው ጋ ታጭቋል። ውጭ አንድ ሲኖ ፌሮ ሊጭን ቆሞ መንገዱን ዘግቶታል፤ ከኋላው ያሉት ክላክስ ላይ ተኝተዋል። ሂሳብ የምትቀበለው ልጅ በእጇ ደረሰኝ ስትጽፍ ጣቷ ቀለም በቀለም ሆኗል። አየት አደረገችኝና ምንም አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለክብሬ ስል ይቺን ልናገር፦ ችግሩን በሁለት ደቂቃ አገኘሁት። «ኦ»ዋን ወደ ዜሮ ቀየርኩ። ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ይዞራል። በሌላ በኩል በአስተዳዳሪው ስም ሰርቨሩ ውስጥ ገባሁና የሳቱትን የሚመዘግበውን ሰንጠረዥ አየሁ። 326። ሦስት መቶ ሃያ ስድስት ጊዜ ተንኳኩቷል። ከዚያ ላይ ሦስቱን ነፃ ቀንሳችሁ ቀጣዩን ብታስቡት፣ ቅጣቱ 324 ሰከንድ ነው። አምስት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰከንድ።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ።»

«ምኑ ነው አምስት ደቂቃ?»

«ፕለጊኑ ነው። እየቀጣን ነው።»

«ማንን?»

«እኛን።»

«ለሌባ አይደለም እንዴ ያስገባኸው?»

ሰልፉ ውስጥ ያለ አንድ ፎርማን ሳቀ። ሳቁ ነው ያበላሸኝ። ዝም ብዬ ብቆም ኖሮ በአምስት ደቂቃው በሩ ራሱ ይከፈት ነበር፤ እኔም ያስተካከልኩት መስዬ ብሬን ተቀብዬ እሄድ ነበር። የፎርማኑ ሳቅ ግን እልህ ውስጥ ከተተኝ። «አወጣዋለሁ» አልኩና ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ። አንኢንስቶል ፕለጊን ኮኔክሽን ኮንትሮል።

ስህተት ቁጥር 1702። ይህ ፕለጊን በግድና ለዘላለም ስለተጫነ ሊወጣ አይችልም ይላል። በእንግሊዝኛ ነው የሚለው፤ ስሜቱ ግን የንስሐ አባት ነው። ደግሜ ጻፍኩ። 1702። በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት፣ የተቆጣሁ እንዲመስለው። 1702።

ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ምን ይላል?»

«አይወጣም ይላል።»

«የሚነቀል ነው አላልከኝም?»

«ነው። ግን ሰርቨሩ ካልቆመ አይነቀልም።» ላስረዳ ነው እንግዲህ። «መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ያለውን መስመር አጠፋለሁ፣ ከዚያ ሰርቪሱን ቀስ ብዬ አቁሜ…»

እሳቸው ሰሚ የሆኑት «ካልቆመ» እስከምትለዋ ድረስ ነው። ግድግዳው ሥር አንድ ጫኝ ልጅ ቆሟል። ሲሚንቶ ሲያወርድ ስለቆየ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጥቷል። ጋሼ በአገጫቸው ወደ ስፒናው ጠቆሙት።

«ንቀለው!»

ልጁ ነቀለው። አንዴም አላመነታም። ባለ ሃምሳ ኪሎ ከረጢት እንደሚያነሳ፣ በሁለት እጁ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ነው የነቀለው። ሶኬቱ ራሱ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ አለ። ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ። ቤቱ ጭጭ አለ። ከውጭ የሲኖው ሞተር ብቻ ይሰማል።

ሰው ፊት እንዲህ ተራቁቼ አላውቅም። አራት ዓመት ተምሬ፣ ስንት ሌሊት አድሬ፣ የደረስኩበት ሙያ በአንድ «ንቀለው» ተዘጋ። ፋይሉን ገና አልነካሁትም ነበር። አንዲት ፊደል አላጠፋሁም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሲነሳ ፕለጊኑም አብሮ ይነሳል። ይሄን ለማን እነግራለሁ?

መልሰን ሰካነው። ዴስክቶፑ ለመነሳት ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ዘጠኝ! ሂሳብ ተቀባይዋ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን የከፈተችው፤ ቀና እንኳን ሳትል፦

«ታዲያ አምስቱን ደቂቃ ብንጠብቀው አይሻልም ነበር?»

በዘጠኙ ደቂቃ ውስጥ የማደርገው ስላጣሁ፣ ሰውም እንዳያየኝ፣ ስልኬን አውጥቼ ሂሳብ መሥራት ጀመርኩ። ይሄ ፕለጊን የሚጨምረው ሰከንድ ማብቂያ አለው፤ 2,147,483,647 ሚሊሰከንድ። ሃያ አራት ቀን ከሃያ ሰዓት ማለት ነው፣ ለአንድ ሙከራ። ይሄን ጣራ ያስቀመጠው ሰው ምን ዓይነት ሌባ አይቶ ነው? ከዚያ ደግሞ አሰብኩት፦ የኛ ኮምፒውተር እንዲሁ ያለማቋረጥ ብታንኳኳ፣ አንዳንድ ሰከንድ እየተጨመረባት፣ ጣራው ላይ መቼ ትደርሳለች? አስልቼ ማመን አቃተኝና ደግሜ አሰላሁ። ወደ 73 ሺህ ዓመት። ዛሬ ጣራው ላይ እንድትደርስ ከ73 ሺህ ዓመት በፊት መጀመር ነበረባት። ያኔ ሰው ነበረ፤ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ከዚያም እጅግ የሚቀድም የሰው አጽም ተገኝቷል። ሲሚንቶ ግን አልነበረም። ፌሮ አልነበረም። ጋሼ አልነበሩም። አንድ የድንጋይ ዘመን ሰው ቆዳውን አገልድሞ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ታየኝ። ልጅ ወልዶ ሰልፉን ያወርሰዋል። ልጁም ለልጁ። ሦስት ሺህ ትውልድ ያልፋል። በመጨረሻ የመጨረሻው ተራ ደርሶት ጠጋ ሲል «ኦ»ዋ ዜሮ መሆን ነበረባት ይሉታል። ከዚህ ሁሉ ያተረፍኳቸው እኔ ነኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልተጽናናሁም።

ዊንዶውሱ ተነሳ። ዳታቤዙም ተነሳ፤ ድንገት ቢገደልም የተጻፈውን አይጥልም፣ እሱስ ጨዋ ነው። ሂሳብ ተቀባይዋ ፕሮግራሙን ነካችው። በቅጽበት ገባ።

«አየህ?» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ የገባው ቆጠራው ሚሞሪ ላይ ስለነበረ ነው። ሰርቨሩ ሲቆም ተሰረዘ እንጂ ፕለጊኑ…»

«አዎ። ነቀልነው።»

ፎርማኑ ጫኙን ልጅ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። የሲኖው ሹፌር እንኳን ገብቶ «ማነው ያስተካከለው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ ልጁ ጠቆሙ። እኔ ጉልበቴ ላይ ያለውን የሲሚንቶ አቧራ አራግፌ ተነሳሁ። ጋሼ ስለ ክፍያ ሳይሆን ስለ ባለቤታቸው ስልክ አነሱ፤ ፎቶ አልላክ ብሏታል፣ አየት አድርግላት አሉ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ፀጉሬ ከጎኑ ሸብቷል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ዛሬም «የኮምፒውተሩ ልጅ» ነኝ፤ ልጅ ደግሞ ለስልክ አይከፈለውም። ፎቶውን ልኬላት ወጣሁ።

ሚኒባስ ውስጥ፣ ቃሊቲ ልንደርስ ስንል፣ ብልጭ አለልኝ። ፕለጊኑን ማውጣት ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ሦስት ጊዜ የሚለውን ገደብ ዜሮ በለው ብሎ አንዲት መስመር መጻፍ ይበቃ ነበር። ዜሮ ካልከው ማስጠበቁን ይተዋል፤ የቆጠረውንም ይረሳል። ሰርቨሩ እየሠራ፣ ማንም ምንም ሳይነቅል፣ አሥር ሰከንድ የማትፈጅ ሥራ። ይሄንን ደግሞ አውቀው ነበር! ግንባሬን መታሁት። በጣም ነው መሰለኝ የመታሁት፤ አጠገቤ ያሉት እናት «ምነው ልጄ፣ የረሳኸው ዕቃ አለ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ» አልኳቸው።

ባለፈው ሐሙስ ለሌላ ጉዳይ ወደዚያው ሄድኩ። ፕለጊኑ አሁንም እዚያው ነው፤ በግድና ለዘላለም። ለማንም አልተናገርኩም። ሰርቨሩ ግን አዲስ ማከፋፈያ ተገዝቶለታል፣ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው። ከላዩ ላይ ካርቶን ተለጥፎ በወፍራም ማርከር «ፕለጊን» ተብሎ ተጽፎበታል። አጠገቡ፣ ያ ጫኝ ልጅ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ዛሬ አትጭንም እንዴ?» አልኩት።

«ከጭነት አነሱኝ» አለኝ። «ሲያስቸግር የምነቅለው እኔ ነኝ። ደመወዝም ጨምረውልኛል።»