ቫርኒሹ ለምን ይሸሻል? አሮጌ ዕቃ ሳድስ እስካሁን የደረስኩበት

አሮጌ የእንጨት ዕቃ ማደስ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር በደንብ ገብቶኛል። ላዩ ላይ የሚታየው ችግር ብዙ ጊዜ መነሻው ከሥር ነው። እኛ ቫርኒሹን እንረግማለን፣ ብሩሹን እንረግማለን። ጣጣው ግን ዕቃው በኖረባቸው ዓመታት ሲጠጣ የከረመው ነገር ነው። ስለዚህ አሁን አሁን የብርጭቆ ወረቀት ከማንሳቴ በፊት ምርመራው ላይ ነው ጊዜ የምወስደው።

በዚህ ዙር የያዝኩት አንድ የምግብ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ባለ መሳቢያ ቁም ሣጥን ነው። ከሁሉም ፈተና የሆነው ጠረጴዛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የድሮው ቫርኒሽ ተነሥቷል፣ እንጨቱ ተፍቋል፣ አቧራው ተጠርጓል። ላዩ ለዓይን ንጹሕ ነው። የመጀመሪያውን ቫርኒሽ ስቀባ አምሮ ተዘረጋ። ትንሽ ቆየና መሃል ላይ ምስር የምታህል ክብ ተከፈተች። ወዲያው አጠገቧ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ቫርኒሹ ከነጥቧ ሸሽቶ ዙሪያዋን ከፍ ብሎ ይቆማል፤ መሃሏ ባዶ እንጨት ነው። በብሩሽ ስሄድበት ይደፈናል። ብሩሹን ሳነሳ መልሶ ይከፈታል።

ይሄ የሲሊኮን ሥራ ነው። ብዙ የሚረጩ የዕቃ መወልወያዎች ውስጥ የሲሊኮን ዘይት አለ። ዕቃው በተወለወለ ቁጥር ዘይቱ በስንጥቆቹ በኩል ወደ እንጨቱ ይገባል። ሲሊኮን ባለበት ቦታ ቫርኒሽ መዘርጋት አይሆንለትም፤ ይሰበሰባል። መፋቅም ብዙ አይረዳም። ዘይቱ ጠልቆ ስለገባ ፍቂያው ከማንሳት ይልቅ ማዳረስ ነው የሚሆነው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ክቦቹ እንደታዩ፣ ቫርኒሹ ሳይደርቅ፣ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በራሰ ጨርቅ ሙልጭ አድርጎ መጥረግ። ከደረቀ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ቀጥሎ ላዩን በአኳራጅ ደጋግሞ ማጠብ፤ ግን በየጊዜው በአዲስ ጨርቅ። ያንኑ ጨርቅ እያገላበጡ መጥረግ ዘይቱን ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ነው። በደንብ ሲደርቅ ሰሙ የወጣለት ሸላክ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ ቅብ) በስሱ መቀባት። ሸላክ ሲሊኮኑን ከሥር አፍኖ ይይዘዋል። ብሩሹን አንድ ቦታ ላይ ማመላለስ አያስፈልግም፤ አንዴ አልፎ መተው ነው። ቫርኒሹ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠረጴዛዬ በዚህ መንገድ ዳነ።

«ሰሙ የወጣለት» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተራ ሸላክ በተፈጥሮው ሰም አለው። ፖሊዩሬቴን (ፕላስቲክነት ያለው የቫርኒሽ ዓይነት) በዚያ ላይ ሲቀባ በደንብ አይዝም፤ ውሎ አድሮ እየተቀረፈ ይነሣል። ተበጥብጦ የከረመ ሸላክም አይታመንም፣ ጠንክሮ አይደርቅም። ብርጭቆ ላይ ጠብ አድርጎ ማየት ነው። በነጋታው በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚይዝ ከሆነ ይጣል።

ቫርኒሹ ውስጥ ራሱ ጥቂት የሲሊኮን ጠብታ መጨመር የሚመርጡም አሉ። ይሠራል፣ አልክድም። ግን አንዴ ከጀመሩት በየድርቡ መቀጠል ግድ ነው፤ ብሩሹም ይበከላል። እኔ አይመቸኝም።

ወደ ቁም ሣጥኑ ልለፍ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የድሮው ቅብ ምንድነው የሚለው ነበር። ይሄን ሳያውቁ ላዩ ላይ አዲስ መደረብ ቁማር ነው። ሙከራው ቀላል ነው። የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከጀርባ ወይም ከሥር፣ ስፒሪት (አልኮል) ጠብ ማድረግ። ከለሰለሰና ጣት ላይ ከተጣበቀ ሸላክ ነው። ስፒሪቱ ምንም ካላደረገው በላከር ቲነር (የላከር ማቅጠኛ) መሞከር፤ ከሟሟ ላከር የሚባለው ቶሎ የሚደርቅ ቅብ ነው። ሁለቱም ካልፈቱት የዘይት ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሬቴን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ላከር ቲነር ሸላክንም ስለሚያለሰልስ መጀመሪያ እሱን ከሞከራችሁ መለየት አይቻልም። የእኔው ሸላክ ሆኖ ተገኘ። ደስ አለኝ፤ ሸላክ በስፒሪት ስለሚለሰልስ ሙሉውን ሳያነሡ መጠገን ይቻላል።

ላዩ ላይ ሁለት ዓይነት ክብ እድፍ ነበር፣ ነጭና ጥቁር። ጎን ለጎን ሆነው አንድ ይመስላሉ፤ ግን አይገናኙም። ነጩ ቅቡ ውስጥ የታፈነ እርጥበት ነው፤ እንጨቱ ጋ አልደረሰም። ጨርቅ በስፒሪት በጣም ትንሽ አርጥቤ፣ ሳልጫን፣ ላዩን ነካ ነካ እያደረግኩ አለፍኩበት፤ ጠፋ። ጨርቁ ከራሰ ግን ቅቡን ይዞት ይነሣል። ጥቁሩ እንጨቱ ውስጥ ነው። ውሃና ብረት፣ እንደ ኦክ ያለ እንጨት ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኙ የሚፈጥሩት ነው። እዚህ ላይ ቅቡን ማንሣት የግድ ነው። ከዚያ ኦክሳሊክ አሲድ በሙቅ ውሃ በጥብጦ መቀባት፣ ሲደርቅ በብዙ ውሃ ማጠብ። እድፉ ላይ ብቻ ከቀባችሁ ግን ጥቁሩ ሄዶ በምትኩ ነጣ ያለ ክብ ይቀራል። ሙሉውን ገጽ ቀቡት። የፕላስቲክ ዕቃ፣ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ሳይታጠብ በፍጹም አትፈቅፍቁት፤ ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው።

ወንበሩ ደግሞ ሌላ ጠባይ አመጣ፤ አልደርቅም አለ። ቫርኒሹ ቀናት አልፈውትም ይጣበቃል። ለዚህ ብርድና ወፍራም ቅብ የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። የእኔ ግን የመጣው ከማስለቀቂያው ነው። ብዙ የቀለም ማስለቀቂያዎች ቶሎ እንዳይተኑ ሰም ይጨመርባቸዋል። እሱ በደንብ ካልታጠበ የሚቀጥለው ቅብ አይደርቅም ወይም አይዝም። በአኳራጅ ሲታጠብ ተስተካከለ። እንጨቱ ቲክ ወይም ሮዝውድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ራሱ እንጨት ይዞራል። የተፈጥሮ ዘይቱ የቫርኒሽን መድረቅ ይከለክላል። በአሴቶን ጠርጎ ወዲያው መቀባት ወይም በሸላክ መለየት ይረዳል።

የቀረው ቀላል ነው። አረፋ የሚመጣው ቆርቆሮውን ሲንጡት ነው፤ በዱላ ቀስ ብሎ ማማሰል። ፀሐይ የሞቀው እንጨት ላይም አትቀቡ። ላዩ ላይ የቀረ አቧራ በ320 ቁጥር ወረቀት በስሱ ይነሣል።

ስለ ጨርቅ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ሲደርቅ በሚያወጣው ሙቀት ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ያለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ መክተት።

አሁን የቀረኝ ሁለተኛው ወንበር ነው። ወፍራም ነጭ ቀለም ተለብጦበታል፤ ዕድሜውም ገፍቷል። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ሊኖር ስለሚችል በደረቁ አልፍቀውም። በማስለቀቂያ አርጥቤ ነው የማነሣው። ከዚያ በኋላ ያው ምርመራው ነው፤ ከወንበሩ ሥር ስፒሪት ጠብ አድርጌ እጀምራለሁ።