ሞሮዊንድን የለመድኩት ሩጫ ሳቆም ነው

ዘ ኤልደር ስክሮልስ የተባለው ተከታታይ ጌም ሦስተኛ ክፍል፣ ሞሮዊንድ፣ ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ቢሆንም እኔ የደረስኩበት በጣም ዘግይቼ፣ ከእሱ በኋላ የመጡትን አዳዲሶቹን ተጫውቼ ከጠገብኩ በኋላ ነበር። የዚህን ዓይነት ጌም አውቀዋለሁ ብዬ ስለነበር የጀማሪ መመሪያውን አንድ ገጽ እንኳ ሳላነብ ገባሁበት፤ ከመርከብ ወርጄ ሴይዳ ኒን ከምትባለው የመጀመሪያ መንደር ብዙም ሳልርቅ አንድ የባሕር ዳር ሸርጣን ገደለኝ።

ሸርጣኑ ብርቱ ሆኖ አልነበረም። መጥረቢያዬ አካሉ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ እያየሁ ጌሙ ግን እንደሳትኩ ይቆጥረው ነበር፤ ነገሩ ሲደጋገምብኝ ጌሙ ተበላሽቷል ብዬ አጥፍቼው እንደገና እስከ መጫን ደረስኩ። ስህተቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ ስሌቱን ካነበብኩ በኋላ ነው። በሞሮዊንድ መሣሪያው ጠላትን መንካቱ ብቻ መምታት አይባልም፤ ከእያንዳንዱ ምት ጀርባ ዕጣ ይጣላል። ለያዙት መሣሪያ ያለው ክህሎት፣ የቅልጥፍና አንድ አምስተኛ እና የዕድል አንድ አሥረኛ ይደመሩና ድምሩ በድካም መጠን ይባዛል፤ ከዚያ ላይ የጠላት የማምለጥ አቅም ይቀነሳል። ማባዣው አረንጓዴው የድካም መለኪያ ሙሉ ሲሆን፣ ማለትም ገጸ ባሕርይው ሳይደክም፣ 1.25፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ 0.75 ነው።

ይህን ወደ ራሴ ገጸ ባሕርይ ሳመጣው አፈርኩ። ገጸ ባሕርዬ ደንመር፣ ማለትም ጥቁር ኤልፍ ነበር፤ ቅልጥፍናውና ዕድሉ እያንዳንዳቸው 40 ናቸው። ዋና ክህሎት አድርጌ የመረጥኩለት አጭር ስለት፣ ጩቤ የሚያዝበት ክህሎት፣ 40 ሲደርስ የመጥረቢያ ክህሎቱ 5 ብቻ ነበር። እኔ ግን መጥረቢያው ከጩቤው ይልቅ የሚያስፈራ ስለመሰለኝ እሱን ያዝኩ፤ በዚያ ላይ ወደ ጠብ የምደርሰው ሁልጊዜ እየሮጥኩ ስለነበር አረንጓዴው መለኪያ አስቀድሞ ይሟጠጥ ነበር። 5፣ 8 እና 4 ሲደመሩ 17፣ በ0.75 ሲባዙ ወደ 13 ከመቶ፤ ሸርጣኑ የሚያመልጥበትም ገና አልተቀነሰም። ያንኑ ሰው ጩቤ አስይዤ፣ በእርምጃ ወስጄ፣ ትንፋሹ ከተመለሰ በኋላ ባዋጋው ኖሮ ዕድሉ 65 ከመቶ ይሆን ነበር። ያ መለኪያ አስማት ሲሠሩም ሆነ ከነጋዴ ጋር ሲከራከሩ ይቆጠራል፤ ስለዚህ እያለከለኩ ሱቅ መግባት ራሱ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛውን ገጸ ባሕርይ ስፈጥር ይህን አስተካከልኩ፤ ጽናትን ግን ችላ አልኩ። ደረጃ በጨመረ ቁጥር ለጤና የሚታከለው የጽናት አንድ አሥረኛ ሲሆን፣ ጽናቱ በኋላ ቢያድግ ያለፉት ደረጃዎች እንደገና አይሰሉም። ዘግይቼ ያሳደግኩት ጽናት ያለፈውን ሊመልስልኝ አልቻለም። ሆኖም ያን ገጸ ባሕርይ ያስጣለኝ ይህ አልነበረም። አንድ ሌሊት ለዋናው ታሪክ የሚያስፈልግን ሰው በጠብ ገደልኩና በማያ ገጹ ላይ የወጣውን መልእክት ሳላነብ ዘጋሁት፤ ወዲያው እንደ ልማዴ ጌሙን ባለበት በፍጥነት ሴቭ የሚያደርገውን ኤፍ5 ቁልፍ ተጫንኩ። ፈጣኑ ሴቭ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ የቀድሞው በአዲሱ ተተካ። መልእክቱ የታሪኩ ክር መበጠሱንና ወደ ቀድሞ ሴቭ መመለስ እንደሚሻል የሚያስጠነቅቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌላ ሴቭ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ወደ አዲስ ቦታ ከመግባቴ በፊት በአዲስ ስም ሴቭ አደርጋለሁ።

በሦስተኛው ሙከራ ከኮምፒውተሩ አጠገብ የወረቀት ማስታወሻ ደብተር አስቀመጥኩ። በዚህ ጌም የተልእኮውን ስፍራ የሚያሳይ ቀስት የለም፤ ሰዎች አቅጣጫውን በቃል ይናገራሉ፣ ተጫዋቹም ድልድዩንና መታጠፊያውን ራሱ ይፈልጋል። የጌሙ መዝገብ መጀመሪያ ላይ በቀን ቅደም ተከተል ብቻ የተጻፈ ነበር፤ በተልእኮ መደርደር የተቻለው ትሪቢዩናል ከተባለው ማስፋፊያ ጋር ነው። መዝገቡ ከተደረደረ በኋላም ቢሆን በእጄ መጻፉን አልተውኩም፤ የጻፍኩትን መንገድ አልስተውምና።

አርክንግታንድ ወደተባለው የድዌመር፣ ማለትም በጌሙ ዓለም የጠፋ ጥንታዊ ሕዝብ፣ ፍርስራሽ የሄድኩት በዚህ መንገድ ነው። ከባልሞራ ከተማ ተነስቼ በእርምጃ ተጓዝኩ፤ ጥንታዊውን ድልድይ ስሻገር አረንጓዴው መለኪያ እስኪሞላ ቆምኩና በሩን የሚከፍተውን የቧንቧ እጀታ አዞርኩ። ውስጥ የጠበቁኝን ሽፍቶች በጩቤ አሸነፍኳቸው። የተላክሁበትን የእንቆቅልሽ ሳጥን ግን ፍርስራሹን እስከ ጥልቁ ድረስ ፈትሼ አጣሁት፤ በመጨረሻ ያገኘሁት መጀመሪያ አልፌው በሄድኩት፣ ከመግቢያው ብዙም በማይርቅ ክፍል ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።