የቲቪ አስወጋጅ ኮሚቴ

እኛ ቤት ሁለት ቲቪ አለ። አንዱ ይሰራል፣ ሌላኛው ደግሞ የሚሰራውን ተሸክሟል። ተሸካሚው አክስቴ ድሮ ከጅዳ ስትመጣ ይዛው የመጣችው ባለ 21 ኢንች፣ ከኋላው የገፋው ቲቪ ነው፣ እሱ ሲሞት እማዬ ዳንቴሉን ሳታነሳ ፍላት ስክሪኑን እላዩ ላይ አስቀመጠችበትና በቃ ቲቪ መሆኑ ቀርቶ ጠረጴዛ ሆነ።

ታዲያ መስሪያ ቤት ስለ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ስልጠና ነገር ሰጡን፣ እዛ ነው የሰማሁት፣ የነዚህ የድሮ ቲቪዎች መስታወት በተለይ ከኋላ እየጠበበ የሚሄደው በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ አለበት፣ ኤክስሬይ ወደ ሰው እንዳያሳልፍ ተብሎ የተጨመረ፣ ሳይሰበር ከተቀመጠ ምንም አይልም፣ ተሰባብሮ ሜዳ ላይ ከተጣለ ግን በጊዜ ብዛት ወደ አፈሩና ወደ ውሃው ይገባል። ቤት ገብቼ ይሄን ስናገር እማዬ ምን አለች? «አያችሁ! ቲቪ ላይ አትጠጉ ስላችሁ ኋላቀር ትሉኝ ነበር።» እህቴ ደግሞ ስልኳን እየነካካች «እና ፍላቱ ምን ላይ ይቀመጣል?» አለች። የሷ ጥያቄ ነበር ትክክለኛው፣ ግን ማን ሰማት።

ቅዳሜ ጠዋት «ቆራሌው!» ሲል እማዬ ጠራችው። ልጁ ቲቪውን ሐኪም የሆድ ህመምተኛ እንደሚያየው በጣቱ ኳ ኳ አረገና «ማዘር፣ ሆዱን ፈትቼ መዳቡንና ቦርዱን ልውሰድ፣ መስታወቱን እናንተ ገንዳው ጋ ትጥሉታላችሁ» አለ። እኔ እዚህ ጋ ገባሁና ስለ እርሳሱ፣ ስለ አፈሩ፣ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ የሚባል ደንብ ቁጥር 425/2010 ስለመውጣቱ ሁሉ አስረዳሁት። በደንብ አዳመጠኝ። ከዛ ወደ እማዬ ዞሮ «ማዘር፣ ልጁ አግብቷል?» አላት።

በቃ እራሴ አደርሰዋለሁ አልኩ። አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ የሚረከቡበት ቦታ አለ ተብዬ ነበር (የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሰው እንጀራው ላይ ነው)። ላዳ ተጠርቶ፣ ቲቪውን ከጎረቤት ልጅ ጋር ተሸክመን ከአራተኛ ፎቅ ወርደን፣ ወገቤ ሊገነጠል ደርሶ የኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ስንደርስ ጥበቃው ተነሱ።

«የዕቃ መውጫ ወረቀት?»

«ጋሼ፣ የሞተ ቲቪ እኮ ነው።»

«ልጄ፣ የሞተ ሰውም ቢሆን እዚህ ግቢ ያለ ወረቀት አይወጣም።»

ሊቀመንበሩ ለቅሶ ሄደዋል፣ ማህተሙ ደግሞ ከሳቸው ጋር ለቅሶ ሄዷል። ላዳው «ቆሜ ለጠበኩበት አስብልኝ» እያለ፣ ቲቪው በሩ ላይ ፀሀይ እየሞቀ፣ መንገደኛው ሁሉ «ስንት ትለዋለህ?» እያለ ቆየንና ማህተሙ ከለቅሶ ተመለሰ።

የተባለው ቦታ ስደርስ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ልጅ ሻይ እየጠጣ፣ ጨዋ ልጅ ነው ማርያምን፣ እንድቀመጥ ጋበዘኝ።

«ከየትኛው መስሪያ ቤት ነው?»

«ከቤት ነው።»

«ከየትኛው ቤት?»

«ከቤታችን።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ለካ የሚረከቡት ከመስሪያ ቤት የሚመጣ ብቻ ነው፣ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ከደብዳቤው ጋር ደግሞ የንብረት ማስወገድ ቃለ ጉባኤ። ቢያናድደኝም ሰውየው ላይ አልፈርድም፣ የመንግስት መስሪያ ቤት ምድር ቤት ገብቶ አቧራ የበላቸውን የኮምፒውተር ክምር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፣ ንብረት ነዋ፣ ቁጥር ተለጥፎበት መዝገብ ላይ ያለ፣ ኮሚቴ ሳይወስን ያስወጣ ሰው ነገ በሱ ይጠየቃል፣ ስለዚህ ሁሉም ቆልፎበት ጡረታውን ይጠብቃል። ግን የእናቴ ቲቪ መዝገብ የለውማ!

«እና እኔና እናቴ ኮሚቴ እናቋቁም?» አልኩት ለቀልድ።

ልጁ ሳይስቅ «ሁለት ሰው ኮሚቴ አይሆንም፣ ፀሀፊ ያስፈልጋል» አለኝ።

ቲቪውን ይዤ ተመለስኩ። በር ላይ ጥበቃው «ይሄ ደግሞ ከየት ተገዛ?» አሉኝ፣ ማርያምን እሳቸው ናቸው ጠዋት ያስወጡኝ፣ ማስገቢያ ወረቀት አምጣ ብለው እንደገና ሙግት። ደረጃው ላይ ደግሞ ሶስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ለበዓል ደረሰላችሁ» ብለው ሳሙኝ።

ማታ ቡና ላይ ታሪኩን ስነግራቸው እየሳቁ ይሞታሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ኮሚቴ ነው እንዴ ያቃተን» አለች። ሰላሳ ዓመት የእድር ገንዘብ ያዥ የነበረች ሴት መሆኗን ረስቼዋለሁ! እዛው በሁለተኛው ሲኒ ሰብሳቢ እሷ፣ ፀሀፊ እህቴ፣ አባል እኔ ሆነን ተቋቋመና እህቴ ደብተር አወጣች። ሰብሳቢዋ «ቲቪው ተወግዶ ፍላቱ ወለል ላይ ይሁን የምትሉ?» አለች። እኔ ብቻ እጄን አወጣሁ። በሁለት ለአንድ ድምፅ ቲቪው በጠረጴዛነት ስራው እንዲቀጥል ተወሰነ። ቀጥሎም በልዩ ልዩ ጉዳዮች ስር፣ እኔ እንድናገር እድል ሳይሰጠኝ፣ ከአልጋዬ ስር ያለው በማዳበሪያ የታጨቀ ገመድና ቻርጀር «በአስቸኳይ ይወገድ» ተባለ።

ያ ማዳበሪያ የኔ ሀብት ነው እኮ። የድሮ ኖኪያ ቀጭኗ ቻርጀር፣ የቪሲዲ ገመድ፣ የሞተ ሪሲቨር፣ ለምን እንደሆነ የማይታወቅ ግን አንድ ቀን የሚያስፈልግ ነገር ሁሉ። የሚገርመው ተቃውሞዬ ቃለ ጉባኤው ላይ «አባሉ አጉረመረመ» ተብሎ ነው የተያዘው። ከስራ ስመለስ አልጋው ስር ባዶ፣ ማጠቢያው ጋ አዲስ አረንጓዴ ሳፋ።

የማታው ድራማ ሊጀምር ሲል ፍላቱ እምቢ አለ። መብራት አለ፣ ዲቫይደሩ ይሰራል፣ ቲቪው ግን ድርግም። ለካ ቲቪዎቹን ስናነሳና ስናስቀምጥ እህቴ የፍላቱን አዳፕተር ነቅላ ከነገመዱ «የገመድ ዘር ነው» ብላ ማዳበሪያው ውስጥ ጨምራዋለች። ፀሀፊዋ ይሄን ቃለ ጉባኤ ላይ አላሰፈረችም።

ያው ቆራሌው በሰፈራችን ሲያልፍ ያዝኩት። «አስረክቤያለሁ ብሮ፣ ደንበኛዬ ጋ ነው» ብሎ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይዞኝ ሄደ። መንገድ ላይ ሽቦውን ታቃጥሉታላችሁ አይደል፣ ጭሱ እኮ መርዝ ነው ብዬ ልጀምር ስል «ማነው የሚያቃጥል፣ የተቃጠለ መዳብ ይጠቁራል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ እኔ በቢላ ነው የምልጠው» ብሎ ዘጋኝ። ምናለሽ ተራ ስንገባ መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል፣ አንዱ በርሜል ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ከሞተ ስታቢላይዘር ጥቅል መዳብ ያወጣል፣ አንዱ የቲቪ ቦርድ ይዞ በካውያ የሚሰራውን እየነቀለ ለጥገና ቤት ይለያል። እኔ ደብዳቤ አምጣ የተባልኩበት ስራ እዚህ ያለ ቃለ ጉባኤ እየተሰራ ነው፣ እርሳስ ያለበትን መስታወትና ያበጠ ባትሪ ብቻ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ዋጋ የለውማ።

ደንበኛው አዳፕተር የሞላ ካርቶን አቀረበልኝ። ሳገላብጥ እህቴ ባንዴ ለመለየት ብላ በቀይ ኩቴክስ ምልክት ያረገችበትን የኛን አገኘሁት።

«እሱ ኦሪጅናል ነው ወንድሜ» አለኝ ሻጩ፣ «ከጨዋ ቤት የወጣ ነው፣ ሰዎቹ ምንም አልነካኩትም።»

«አውቃቸዋለሁ» አልኩት።

ዋጋ እንዲቀንስ ለመንኩት፣ የኛ ነው አልኩት፣ ቆራሌው እንኳ መሰከረልኝ፣ ወይ ፍንክች። ጭራሽ «ቤት የድሮ ቲቪ ካላችሁ ውስጡ ያለውን ትራንስፎርመር፣ ፍላይባኩን እወስዳለሁ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። መስታወቱንስ ስለው ቆራሌውና እሱ ተያይተው ሳቁ።

ከፍዬ መጣሁ፣ ሰካሁት፣ ድራማው ግማሽ ላይ ደረሰ። ብሩን ግን ኮሚቴው ሊሸፍን ይገባል ብዬ ስጠይቅ ሰብሳቢዋ ዓይኗን ከቲቪው ሳትነቅል «ደረሰኝ አለህ?» አለችኝ።